የአያ ሞላ እርምጃ
መተማ ዮሐንስ ላይ የቤት ፕላን በኮምፒዩተር እሠራለሁ። ሰሊጥ አራሹ አያ ሞላ የመጋዘን ፕላን አዘዙኝ፤ «ርዝመቱ ሠላሳ፣ ወርዱ ሃያ» አሉ። እኔም ሳልጠይቅ መለኪያውን ሜትር አድርጌ ሣልኩት። በሳምንቱ ተመለሱ። «ግንበኛው ችካል ሲተክል መጋዘንህ የጎረቤቴ ማሽላ ውስጥ ገባ» አሉኝ።

«በምን ነበር የለኩት?»

«በምን እለካለሁ፣ በእግሬ ነዋ።»

ተናደድኩ። «ኮምፒዩተሩ የእርስዎን እርምጃ አያውቅም» አልኳቸው።

«ካላወቀ አስተምረው» ብለው ቢሮዬ ውስጥ ይራመዱ ጀመር። ምን ላድርግ፣ ተንበርክኬ እርምጃቸውን ለካሁ፤ ሰባ ሳንቲ ሜትር። ሥዕሉን በዚያው ልክ አሳነስኩት፤ ቦታው ላይ ልክክ አለ።

በማግስቱ ባለ ማሽላው ጎረቤት ፕላን ሊያሠሩ መጡ። ገና ሳይቀመጡ «የኔን በሞላ እግር እንዳትሠራብኝ» አሉኝ።