ባለ ጦሮቹን አታንቀሳቅሳቸው

— ሄሎ… ሄሎ ዘሌ! አዎ፣ ሰዲቅ ነኝ… ሰዲቅ ነኝ አልኩህ እኮ፣ በእኔ ስልክ ሌላ ማን እንዲያነሳልህ ነው?

ሰዲቅ ቀፎውን ጆሮው ላይ ለጥፎ በግራ እጁ ወደ ግቢው አመለከተ፤ ዝም በሉ፣ ለአላህ ብላችሁ ዝም በሉ። ድንኳኑ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ግን ማቃጠል ጀምራለች። እሱን ያጠመቀው ላብ ከፀሐይዋ አልነበረም። የደወለው ዘላለም ነው፤ አብሮ አደጉ፣ እናቱ ትናንት አመሻሽ ላይ የሞቱበት፣ እስካሁንም ያልሰማው ዘላለም።

— ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አንተስ?… ድምፄ ምን ሆነ? ጉንፋን ይዞኝ ነው… ኧረ ባክህ! ደብረ ብርሃን ስለገባህ ጉንፋኑን ለብቻህ ተረከብከው እንዴ? እኛም ይይዘናል።

የዘላለም እናት እትዬ ጌጤ ከሽንኩርት ማሳቸው ተመልሰው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ትንሽ ጋደም ልበል እንዳሉ ነው የቀሩት። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ቆሞ፣ ቢወድቅ የሚይዘው በሌለበት አይረዳም። ስለዚህ የዘላለም አጎት ጋሼ ወልደማርያም ሁለት የእድር ሰዎች ይዘው፣ በሰዲቅ አባት በአብዱረሂም መኪና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነስተዋል። ሐሳባቸው ልጁ ወደ ሥራ ሳይወጣ ቤቱ ደርሰው ሊያረዱት፣ ደግፈውም አምጥተው ለዘጠኝ ሰዓቱ ቀብር ሊያደርሱት ነበር። ጣርማ በር ተራራ ላይ ግን ጉሙ አላስኬድ አላቸው፤ ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ዋሻው አፍ ላይ አንድ አይሱዙ ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋው። እና ዘገዩ። የእድሩ ዳኛ ጋሼ አሰፋ ለሰዲቅ የሰጡት ትእዛዝ አጭር ነው፤ ከደወለ ከቤት እንዳይወጣ ያዘው፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጥህ።

— ምን?… ትናንትም ተሸነፍክ? በነዚያው ፈረሰኞች?… ለሦስተኛ ጊዜ! ወላሂ አንተ ልጅ ንጉሥ መሆን ይቅርብህ።

የኮምፒውተር ጨዋታው የድሮ ዘመን ጦርነት ነው፤ ግንብ አለው፣ ቀስተኛ፣ ፈረሰኛ፣ ባለ ጦር አለው። ሁለቱ ያደጉበት ነው ማለት ይቻላል፤ በዚሁ በእትዬ ጌጤ ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ በነበረች አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር። ሰዲቅ ዛሬ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የራሱ ኮምፒውተር ቤት አለው፤ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ዘፈን ይጭናል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ጌም ያጫውታል። ዘላለም ተመርቆ ደብረ ብርሃን መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባ። በተሸነፈ ቁጥር ግን የሚደውለው ለሰዲቅ ነው።

— ላፕቶፑ የት ነው?… እንግዲያው ክፈተዋ። አሁን… ስብሰባ? የምን ስብሰባ?… አንድ ለአምስት! አንተ ከቀረህ አንድ ለአራት ይሆናል፣ አገር አይፈርስም። ክፈተው አልኩህ… አሥር ደቂቃ ስጠኝ፣ ዘሌ። ያን ጦርነት በአንተው እጅ አሸንፍልሃለሁ… ጫማህን አድርገሃል? አውልቀው። እንዲያው ደስ እንዲለኝ አውልቀው።

ጋሼ አሰፋ ሌላ ስልክ ይዘው ከበሩ ላይ ጠቀሱት። ሰዲቅ ቀፎውን በመዳፉ ሸፈነ።

— የት ደረሱ ጋሼ?… ገና ግማሽ ሰዓት? ያ ረብ።

— አለሁ፣ አለሁ ዘሌ። ትሰማኛለህ?… ደንበኛ ነው፣ ኮፒ ሊያስነሳ መጥቶ። ተከፈተ?… ስንት ባለ ጦር አለህ?… ስድስት ምድብ። ትናንት የት አቆምካቸው?… ከፊት፣ ጥሩ። ከዚያስ?… ላክሃቸዋላ! ስንቴ ልንገርህ? ባለ ጦር አይላክም። ይቆማል፣ ፈረሱ ነው የሚመጣለት። አንተ ጠላት ባየህ ቁጥር ትለቃቸዋለህ፣ ሜዳ ላይ ይበተናሉ። የተበተነ ባለ ጦር ደግሞ ለፈረሰኛ ቁርስ ነው።

ይህን ሲናገር ድምፁ ትንሽ ተስተካከለለት። የሚያውቀው ነገር ነውና ሌላውን ለአፍታ ያስረሳዋል። ብርቱካን፣ የዘላለም እህት፣ ከጓዳው ደጃፍ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ዓይኗን ከሰዲቅ አፍ ላይ አትነቅልም።

— ከኋላህ ኮረብታ አለልህ አይደል?… ወደዚያ ውሰዳቸው። ቁልቁል ይዩ። አራቱን ምድብ ጎን ለጎን ግጠማቸው፣ መሃል ላይ ቀዳዳ እንዳይኖር። አዎ፣ ትከሻ ለትከሻ… ሁለቱን አትጨምራቸው። አንዱን በግራ ጫፍ፣ አንዱን በቀኝ ጫፍ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረህ አቁም። ፈረሰኛው ቂል አይደለም፣ ከፊት ጦር ካየ ዞሮ በጎን ነው የሚገባው። ቀስተኞቹ ከኋላ… ከኋላ! የራስህን ፈረሶች ከዛፎቹ ጋ ደብቃቸው፣ ተራቸው በኋላ ነው። አሁን ያቺን «ባለህበት ቁም» የምትለዋን ተጫን… ተጫንካት? ጎሽ የእኔ ጌታ።

ይኼኔ ከቀወት ገጠር የመጣች አንዲት ዘመድ ደረቷን እየደቃች ግቢው ውስጥ ገባች። ዝም በሉ መባሉን ማን ይንገራት። ጩኸቷ ቆርቆሮውን አልፎ ሰፈሩን አዳረሰው። ሴቶቹ ተነስተው ወረሯት፣ አፏን ያዙ፤ ጩኸቱ ግን ቀደማቸው።

— እ?… የሴት ጩኸት? ጌሙ ነው ባክህ። ከመጋረጃው ጀርባ ልጆች ድምፁን ለቀውት ነው… ቀንሱት እናንተ! ቀንሱት ብያለሁ!… አዎ፣ በዚህ ጠዋት። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አያውቁም።

በእትዬ ጌጤ ቤት፣ የእሳቸውን ልቅሶ ለገዛ ልጃቸው ጌም ነው ብሎ ማለፍ። ሰዲቅ አፉ እሬት እሬት አለው።

— መጡ?… ፈረሶቹ ታዩህ? ምንም አትንካ። እጅህን ከማውሱ ላይ አንሳ… አውቃለሁ፣ ቀስት ይዘንብባቸዋል፣ ከነሱም ይወድቃሉ። ይውደቁ። ብትልካቸው ሁሉም ያልቃሉ፣ ከቆሙ ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ… ለምን አልሰደብኩህም? ዛሬ ለምን ልስደብህ፣ ደህና እየተጫወትክ እኮ ነው… ኧረ ጤነኛ ነኝ!

— … አዎ። አስታውሳለሁ እንጂ፣ እንዴት እረሳለሁ። «እነዚህን የሰው ልጆች ለምን ትማግዳቸዋለህ» ይሉህ ነበር።

እትዬ ጌጤ ሽንኩርታቸውን እየለቀሙ ከኋላቸው ይቀመጡና፣ የቱ ነው ያንተ፣ የቱ ነው የሱ፣ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ቀስተኛው ቢሞት ግድ የላቸውም፣ ፈረሰኛውም የሀብታም ልጅ ነው ይሉታል። ባለ ጦር ሲወድቅ ግን ከንፈራቸውን ይመጥጡለታል፤ ገበሬ ነው የሚመስለው፣ ጫማ እንኳ የለው። አንድ ቀን ዘላለም መቶውን በአንድ ጊዜ ሲያስጨርስ ተቆጥተው ሶኬቱን ነቅለውበታል። ሰዲቅ ይህ ትዝ ሲለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ እንዲያ በማድረጉ ልቅሶው የማይሰማበት ይመስል።

— አለሁ… እያሳለኝ ነው። ምን አልክ?… የማን ስልክ? የእትዬ?… ዝግ ነው? ከትናንት ማታ ጀምሮ?… መብራት ጠፍቶ እኮ ነው! ከተማው በሙሉ ጨለማ ነበር፣ እስካሁንም አልመጣም። ባትሪው አልቆ ነው የሚሆነው።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሼ አሰፋ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

— … የቱ ጌም?… አዎ፣ ልጆቹ… አዎ፣ መብራት የለም… በጄኔሬተር… የለኝም። ልክ ነህ፣ ጄኔሬተር የለኝም።

— ደህና ናቸው አልኩህ እኮ… ምን ልበል?

ሰዲቅ በቀን መቶ ጊዜ ወላሂ የሚል ሰው ነው። ለዋጋው ወላሂ፣ ለኳሱ ወላሂ፣ ለቀልዱ ወላሂ፤ እናቱ ሐምዲያ በዚህ ነገር ስትቆጣው ነው የኖረችው። ዘላለም አሁን የለመነው ያችኑ ቃል ነው። እናቴ ደህና ናት፣ ወላሂ በል፣ ከዚያ ዝም እልሃለሁ አለው። ሐምዲያ በጥቁር ሻርፗ ተከናንባ ከእሱ ሁለት ክንድ ርቃ ቆማለች። ሰዲቅ አፉን ከፈተ። አልወጣም።

— … ዘሌ።

— ዘሌ፣ ትሰማኛለህ?… አልዘጋሁም፣ አለሁ።

— አትጠይቀኝ። እኔ አልናገርም፣ ለእኔ አልተሰጠኝም… ጋሼ ወልደማርያም እየመጡ ነው። አዎ፣ ወደ አንተ። አባቴ ነው የሚነዳው።

ይኸው ተረዳ። ያልተጠራ አጎት፣ በማለዳ፣ በሰው መኪና ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ዘላለም አልጠፋውም፤ እሱም አምና ከሽማግሌ ጋር አጣዬ ድረስ ሄዶ ሰው አርድቷል። ሰዲቅ የተሰጠውን አደራ መብላቱ ገባው። ጋሼ አሰፋን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም።

— አይ! መናኸሪያ አትሂድ! ዘሌ፣ ስማኝ! እነሱ ሲመጡ አንተ ስትወርድ መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ። ብቻህን በዚያ ቁልቁለት እንዴት ትሆናለህ? እነሱስ የት ብለው ይፈልጉሃል?… ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አዎ… ዛሬ። ትደርሳለህ፣ አባቴ ያደርስሃል፣ ከቤት ከወጣህ ግን አትደርስም። ጫማውን ተወው! ተወው ወንድሜ። ቁጭ በል… አልጋው ላይ። አልክ? ቁጭ አልክ?

— አልቅስ። አለሁ፣ የትም አልሄድም።

— … ብርቱካን እዚሁ ናት። ልሰጥህ አልችልም፣ ድምጿ ተዘግቷል… አዎ ደህና ናት፣ እናቴ ይዛታለች… አይ፣ አልተሰቃዩም። ከማሳ መጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጋደም አሉ… ወላሂ ዘሌ። ይህንን ወላሂ እልሃለሁ። ወላሂ አልተሰቃዩም።

ጋሼ አሰፋ የሰዲቅን ትከሻ ያዝ አደረጉት። ሊቆጡት መስሎት ነበር፤ አልተቆጡም።

— … ምን አልክ?… ባለ ጦሮቹን?

ዘላለም ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ኖሯል። ፈረሰኞቹ መስመሩ ላይ ደርሰዋል፣ ምን ላድርጋቸው ይላል። እናቱ የሞቱበት ሰው ምን ላድርጋቸው ይላል።

— ቆመዋል?… ሁሉም?… አታንቀሳቅሳቸው። እንደቆሙ ይቆዩ… አዎ፣ ፈረሶቹ እዚያው ይሰበራሉ። አንተም እንደተቀመጥክ ተቀመጥ። ትንሽ ነው የቀረው። ትንሽ ነው… ሸሹ? አትከተላቸው፣ ይሂዱ… አዎ ዘሌ። አሸንፈሃል። እኔ እንጃ ምን እንደምልህ፣ አሸንፈሃል።

ጋሼ አሰፋ ስልካቸውን ከጆሯቸው አወረዱና በጭንቅላታቸው ምልክት ሰጡት።

— በሩን አንኳኩ?… እነሱ ናቸው። ሂድ ክፈትላቸው… ስልኩን እዚያው ተወው፣ አትዝጋው፣ እኔ እዘጋዋለሁ… ሂድ የእኔ ወንድም። ሂድ፣ ይያዙህ።

ቀፎው አልጋ ላይ ሲወድቅ ተሰማው። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ኮቴ፣ የመቀርቀሪያ ድምፅ፣ ከዚያ የአባቱ የአብዱረሂም ሳል። ከዚያ ዘላለም እናቱን ጠራ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ ልጅ ሆኖ እንደሚጠራት አድርጎ። ብዙ እጆች ሲይዙት፣ ብዙ ሰው አብሮት ሲያለቅስ እስኪሰማ ሰዲቅ ቀፎውን ከጆሮው አላነሳም።

ከዚያ ዘጋው። ወደ ድንኳኑ ወጣ፤ ሁሉም ተነስተው ያዩታል።

— ሰምቷል። አሁን አልቅሱላቸው።

ሰዎቹ ገና ሳይጀምሩ እሱ ራሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ይንሰቀሰቅ ጀመር።