ዝንጅብሉ ይቅደም

ሱሪዬን ላሳጥር ምድር ቤት ወዳለው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ስወርድ ደረጃው ላይ ልጃቸውን አገኘኋት። ነርስ ናት፤ አዳር ገብታ ማደሯን ዓይኗ ይናገራል። ባዶ ጣሳ የሞላው ፌስታል ይዛለች። ስኳሩም፣ የወተት ዱቄቱም፣ ቅመሙም አንድ ላይ ተፈጭቶ የሚሸጥበት የፈጣን ሻይ ጣሳ ነው። «መምህር፣ እግዜር ነው ያገናኘን» ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የእኔም ጉልበት ሰበብ ይፈልግ ነበርና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የነገረችኝ ይህን ነው። እናቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቷ ምድጃ ለኩሰው አያውቁም። ቁርሳቸውም እራታቸውም ዳቦና የጣሳ ሻይ ሆኗል። ስኳራቸው ጨምሮ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቋቸዋል። እሷ ደግሞ ሥራዋ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ እሑድ መሄዷ ነው። ስለዚህ አባትዬው ወይ ለራሳቸው ማብሰል ይለምዳሉ፣ ወይ ሱቁን ዘግተው፣ የስፌት መኪናቸውን ሸጠው አብረዋት ይሄዳሉ። እሷ ለምናም ተቆጥታም አልሆነላትም፤ እርስዎ ይንገሩልኝ አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ደክሞኛል። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ሰው ከመምከርም የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ግን ፊቷን አይቼ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

የሰፊው ሱቅና ቤት አንድ ነው። ፊት ለፊት የስፌት መኪናው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋና ሁለት ሰው የማያስተላልፍ ማድ ቤት። ሰውዬው ጨዋ ናቸው። ብድግ ብለው ወንበር ሰጡኝ፣ ጤናዬን ጠየቁኝ፣ ጉልበቴን ደግመው ጠየቁኝ፤ አንድ ነገር ሸርቤ መምጣቴ አሳፈረኝ። ያም ሆኖ ጀመርኩ። ስኳር በደም ውስጥ የሚያደርገውን፣ ጣሳው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን፣ ሁሉንም ዘረዘርኩ። አንገታቸውን ደፍተው የሱሪ ጠርዝ በመርፌ እየዘመዘሙ ሰሙኝ።

«መምህር፣ የሚሉት ሁሉ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማድ ቤት ገብቼ ድስት ሳማስል ደንበኛ ቢያየኝ ምን ይለኛል?»

ደንበኛ የሚመጣው ለሱሪው ነው አልኳቸው። ለሱሪውም ቢሆን ሰፊውን ያያል አሉኝ። እንዲህ ስንባባል ብዙ ቆየን። ሁለታችንም በትሕትና ነው የምንነጋገረው፣ ሁለታችንም ንቅንቅ አላልንም። አብራኝ ገብታ ማድ ቤት ሆና ስትሰማን የነበረችው ልጃቸው ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች።

«አባባ፣ እርስዎ የሚፈሩት ሰው እንዳያይዎት ነው። እኔ የምፈራው አንድ ቀን ወድቀው የሚያይዎት ሰው እንዳይጠፋ ነው።»

የሚዘመዝመው እጃቸው ቆመ። ሰፊው መርፌውን ደረታቸው ላይ ሰኩት። ከዚያ እኔም ልጃቸውም ሰምተነው የማናውቀውን ነገር አወጡ። ለካ ሞክረው ኖሯል። ባለቤታቸው በሞቱ ሰሞን፣ የሷን ሻይ ናፍቀው፣ ወተት ገዝተው፣ ዝንጅብል ቀጥቅጠው ጨምረው እሳት ላይ ጣዱት። ወተቱ ተቆራርጦ አይብ መሰለ። በማግስቱም ደገሙት፤ ያው ሆነ። «ነገሩ የሷ እጅ ነው እንጂ ቅመሙ አይደለም ብዬ ተውኩት» አሉ።

ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ወዲያውም አፈርኩ። ሰውዬው ሁለት ዓመት ሙሉ ጣሳ ላይ የወደቁት ሐዘን ቤታቸው ገብቶ ሳለ ወተት ስለተቆራረጠባቸው ነው፤ የሚነግራቸው ሰው አጥተው። ጥሬ ዝንጅብል ወተት እንደሚያበላሽ፣ አስቀድሞ በውሃ ከፈላ ግን ምንም እንደማያደርገው ነገርኳቸው። ልጅቷም አታውቅም ነበር። እሷም ሆስፒታል የምትጠጣው ያንኑ የጣሳ ሻይ ነው።

ልጅቷ ወጥታ ወተት፣ ቅመምና አትክልት ገዝታ መጣች፤ ሦስታችንም ማድ ቤቱ ውስጥ ተጣበብን። ቀረፋ ሰበርን፣ ሄልና ቅርንፉድ ወቀጥን። ዝንጅብሉን ሰፊው ራሳቸው ካንገታቸው በማይለየው ሜትር ለክተው፣ «ሁለት ሳንቲሜትር» ብለው ቆረጡት። ውሃው ከነቅመሙ ፈልቶ ጠረኑ ቤቱን ሲሞላ ሻይ ቅጠሉን ጨመርን። ወተቱን መጨረሻ ላይ እሳቸው ጨመሩት። ወተቱ ገንፈል አለ እንጂ አልተቆራረጠም።

ስኳር የለውም ብለው አጉረመረሙ። ግማሹን ሲጠጡ ማጉረምረሙን ተዉት። ልጃቸው በዚያው ምድጃ የካሮትና የዱባ ሾርባ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምስር እንዴት እንደሚቀቀል አሳየቻቸው። እሳቸው ግን ብዙም የሰሟት አልመሰለኝም። ድስቱን ይዘው ጠባቧን ማድ ቤት ያዩ ነበር።

«እዚህ ቆማ በቀን አራት ጊዜ ታፈላልኝ ነበር» አሉ። «እኔ መኪናው ላይ ሆኜ ‹ሻይ› እላለሁ። አንድ ቀን ገብቼ አይቻት አላውቅም።»

ድስቱንም ራሳቸው አጠቡት።

እሑድ ልጅቷ ብቻዋን ሄደች። ይኸው ስድስት ወር ሆነው፤ ሱቁ አልተዘጋም። ስኳራቸው ወርዷል፣ እንቅልፍ ይተኛሉ፣ ናናም በመስኮቱ ላይ ተክለዋል። ሰው የሚጠጣው ውስጥ ምን እንዳለ ማወቁ፣ በገዛ እጁ መሥራቱ ለጤናው ይህን ያህል ይበጃል፤ አንባቢዬም ይህን ልብ ቢል ደስ ይለኛል።

ሰፊው ግን ስለ ጤና ለማንም አያወሩም። ልብስ ሊያስለካ ለሚመጣ ወንድ ሁሉ ሻይ ይቀዱለታል። እንዴት እንደሚፈላ ሲጠይቃቸው መጀመሪያ ባለቤትህ አለች ወይ ይሉታል። አለች ካለ፣ ዝንጅብሉ እንደሚቀድም ያስረዱትና «ዛሬ አንተ አፍላላት» ይሉታል። «እኔ የተማርኩት የኔዋ ካረፈች በኋላ ነው።»