ተገልብጦ የተሰቀለው ገበታ

ዝናብ ሰውን ሳይጋበዝ ሰው ቤት ያስገባል። እኔንም ባለፈው ማክሰኞ፣ ከማተሚያ ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር ቤት አስገባኝ። ጋሼ የፊት ክፍላቸውን ለሰፈሩ ሕፃናት ለቀው ፊደል ሲያስቆጥሩ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። በሩ ላይ ከእኔ ቀድማ ጃንጥላዋን የምታራግፍ ወጣት አገኘሁ። የእህታቸው ልጅ ናት፤ የሕፃናት መምህርነት ተምራ በቅርቡ ተመርቃለች።

ልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ጋሼ በዘንጋቸው ገበታውን ይነካሉ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። አንዱ የጫማውን ክር ይፈታል፣ አንዷ ጣሪያ ታያለች፤ ሆኖም አንድም ፊደል አልተሳተም። ጥግ ላይ ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ኮት ላይ ቁልፍ ትተክላለች።

«ሰማሽ?» አሉ ጋሼ ለእህታቸው ልጅ። «ከሀ እስከ ፐ፣ ያለ ማረፊያ!»

«ሰማሁ አጎቴ። ግን ገበታው እኮ ተገልብጧል።»

እኔ ቀኑን ሙሉ የተገለበጠ የማተሚያ እርሳስ ፊደል ስለቅም ስለምውል ምንም አልታየኝም ነበር።

«ምን አልሽ?»

«የላዩ ወደ ታች ሆኗል። እርስዎ ሀ ሲሉ ዘንግዎ ያረፈው ፖ ላይ ነው።»

የጋሼን ዓይን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሳቸው ግን «ትንሽ ደከም ብሎኛል» ነው የሚሉት። ዘንጉ መንገዱን የሚያውቀው በልማድ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ግድግዳው ኖራ ከተቀባ ወዲህ ይሆናል፤ ሁለት ወር» አልኩ። አፌን ብይዝ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ምን ጎደለ? ልጆቹ አልሳቱ!»

«ያስፈራኝ እሱ ነው አጎቴ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ልጅ እንኳ ‹ይሄ ልክ አይደለም› አላለም። ዜማውን ነው የያዙት፤ ፊደሉን አላዩትም።»

«አንቺስ በምን ተማርሽ? በዚሁ ዜማ አይደለም?»

«እኔን እናቴ ጣቴን ይዛ አሸዋ ላይ ነው ያጻፈችኝ። ‹ከንፈርሽን ግጠሚ፤ ይህቺ መ ናት› እያለች።»

«እህቴ ድሮም ጨዋታ ትወድ ነበር!»

«እስቲ ይፍቀዱልኝ» ብላ ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸውን፣ ጡሩምባ የሚሉትን ልጅ ጠራች። ሰሌዳ ላይ ‹መ›ን ጽፋ «ይህቺ ማን ናት?» አለችው። ጡሩምባ ደረቱን ነፍቶ ከሀ ተነሣ። ‹መ›ን በስሟ ጠራት፤ አላወቃትም፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ አልፏት ነጎደ።

«ሕፃን ነው!» አሉ ጋሼ። «ሲያድግ ይገባዋል። ይኸው ልጄ፣ በዚሁ ዘንግ ነው ያስተማርኳት። ለመሆኑ ገበታውን ማን ነው የሰቀለው?»

መርፌው ቆመ።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ቸኩለሽ ነዋ። ሥራ በዝቶብሽ…»

«አልቸኮልኩም። እንዲህም አድርጌ፣ እንዲያም አድርጌ አየሁት። አንድ ሆነብኝ።»



«ትምህርት ቤት ትተሽ የስፌት መኪናው ላይ ስትቀመጪ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው፣ «ፊደሉን እንደሆነ ጨርሳዋለች ብዬ ነው የፈቀድኩት።»

«ጨርሼዋለሁ። አሁንም እስከ መጨረሻው እለዋለሁ።»

ከዚያ የመኪናዋን መሳቢያ ከፍታ፣ ከክሮቹ ሥር አንድ ፖስታ አወጣች። ሾፌር የነበረው ባሏ ሥራ ፍለጋ ሩቅ ሄዶ የጻፈላት ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ምን አለ?» ሲላት «ደህና ነኝ ነው የሚለው» ትል ነበር። የአክስቷ ልጅ ተቀብላ አነበበች። ቤት ተከራይቷል። እንድትመጣ ይፈልጋል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ መልስ ካልደረሰው አልፈለገችኝም ብሎ ይተወዋል። ቀኑ የዛሬ አምስት ዓመት ነው።

«ለምን ሰው አታስነብቢም ነበር?» አልኳት።

«ማንን ልጠይቅ? የመምህር ልጅ ነኝ እኮ።»

ጋሼ ዘንጉን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አሁን ምን ላድርግ?» አሉ።

«በቀን አንድ ፊደል ብቻ አጎቴ። ድምፁን በአፋቸው፣ ቅርፁን በጣታቸው። ከየስማቸው እንጀምርላቸው፤ ከዚያ ቅደም ተከተሉን አፍርሰን እንጠይቃቸው። እንዲህ የተማረ ልጅ የመድኃኒት ወረቀት ያነባል፣ የሱቅ ጽሑፍ ያነባል። የተላከለትንም ራሱ ያነባል።»

«ይሁን። ከነገ ጀምሮ አንቺ አስተምሪ። ከዚህ በር የወጡትስ?»

 ወጣቷ ሄዳ ገበታውን አቀናችው።

ልብስ ሰፊዋ መጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጭዋ ደረሰ። ጡሩምባ ጠጋ አለላት። መምህርቷ ጣቷን ይዛ «በማን ስም እንጀምር?» አለቻት።

«ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ባለው።»

ጋሼ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «አሁን ቀንቷል?» አሉኝ።

«ቀንቷል ጋሼ።»

አላመኑኝም። ተነሥተው በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ወረቀቱ ልሙጥ ነው፤ ላዩ ከታቹ በእጅ አይለይም።