አሮጊት መሆን ያቃታቸው እማማ ትርንጎ

ክቡራትና ክቡራን፣

ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ከባድ ጉዳይ ይፋ ማድረግ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እባካችሁ ተረጋጉ፤ የተቀመጣችሁም አትነሡ። ራሴ ላይ የምታዩት ነጭ ነገር ዱቄት አይደለም። ሽበት ነው። የሜካፕ ክፍል ባልደረቦቼ ሰሞኑን በጥርጣሬ ሲያዩኝ ስለሰነበቱ ነው ይህን መግለጫ ለመስጠት የተገደድኩት። ብታሹትም አይለቅም፤ አንዳንዶቻችሁ ሞክራችኋል።

አሁን ወደ ምስጋናው። የድራማ ማሰልጠኛችን ኃላፊ አቶ መርሻ ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ስላዘጋጁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ቀኑን ዓርብ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። ለገሰሰ ስንብት በሬ ሳይወድቅ አይቀርም ብሎ ከይፋግ ድረስ የመጣው ወንድሜ፣ ይኸው ሽሮውን ትክ ብሎ እያየ ተቀምጧል። አቶ መርሻ፣ ለነፍሳችን ስላሰቡ እግዜር ይስጥልኝ።

እዚህ ማሰልጠኛ ስኖር ያስተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የቴሌቪዥን ድራማ ሰውን በምስል እንዴት እንደሚያስረጅ። ንግግሩን ተዉት። እኔ የምለው ስለ መብራቱ፣ ስለ ካሜራው ከፍታ፣ ሰውየው በምስሉ ውስጥ ስለሚሰጠው ቦታ ነው።

እስቲ አስታውሱ። ወጣቷ ስትቀርብ መብራቱ ከፊት ለፊት ይመጣል፣ ፊቷ ወለል ይላል። አያቷ ሲቀርቡስ? መብራቱ ወደ ጎን ይዞርና እያንዳንዱ የፊታቸው መስመር እንደ ጉና ሸለቆ ጥላ ይጥላል። ወጣቱን ካሜራው ቀና ብሎ ያየዋል። ሽማግሌውንስ? ጣሪያ ላይ እንደወጣ ድመት፣ ቁልቁል! ሁለት ፍቅረኞች ሲያወሩ አባትየው ከኋላ ደብዝዘው ተቀምጠዋል፤ ከእሳቸው ይልቅ ሶፋው ይታያል። እጃቸው ብቻ ቀረብ ተደርጎ ከታየ መንቀጥቀጡ ነው። ጠረጴዛው ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ ከታየማ፣ ሰውየው ሦስተኛው ክፍል ላይ አይደርሱም።

ትዝታቸው ደግሞ ቢጫ ነው። የሽማግሌ ልጅነት በሙሉ ሻይ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል። ቆይ፣ እኔ እኮ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው የተወለድኩት። ሰማዩ ያኔም ሰማያዊ ነበር። ሣሩም አረንጓዴ ነበር። ማነው ቢጫ የቀባብኝ?

ይህን ሁሉ አስተምሬአችሁ፣ እናንተም ፈተናውን አልፋችሁ፣ እዚሁ ሥራ ይዛችሁ፣ ዛሬ ምን አደረጋችሁኝ?

ቅድም ያሳያችሁኝን የመታሰቢያ ቪዲዮ ማለቴ ነው። በጋፋት የእግር መንገድ ላይ ብቻዬን፣ ከላይ ተቀርጬ፣ እርምጃዬ ተጎትቶ፣ ዙሪያዬ ደብዝዞ፣ ቢጫ ሆኜ፣ በዋሽንት ታጅቤ ከኮረብታው ጀርባ ስጠፋ አየሁት። ባለቤቴ የሺ አጠገቤ ነበረች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ገሰሰ፣ የደበቅኸኝ በሽታ አለ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የማለቅሰው?»

ዋሽንቱ ነዋ!

ሣቁ፣ ሣቁ። እኔ አልተቀየምኩም፤ ቪዲዮውን ፍቅር እንዳሠራችሁ አውቃለሁ። ነገሩን ያነሣሁት ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለሌሉ አንዲት ሰው ነው።

ከግቢያችን በር ፊት ለፊት የሚኖሩት እማማ ትርንጎ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ለአዲሱ ድራማችን አያት ስንፈልግ፣ ሄጄ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። አሰቡበት። የነፍስ አባታቸውን አማከሩ፤ ተፈቀደላቸው። ከዚያ በማርያም ማኅበራቸው መካከል ብድግ ብለው፣ «ለእንቁጣጣሽ በቴሌቪዥን ታዩኛላችሁ» ሲሉ አወጁ።

እኔ የጡረታ ጉዳዬን ላስጨርስ ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመርኩ። እዚያ፣ ልንገራችሁ፣ ዕድሜዬን ወዲያው ነው ያመኑኝ፤ «እስቲ እንደ ሽማግሌ ይሳሉ» ያለኝ የለም። እናንተ በዚያው ሰሞን እማማን ጋፋት ወሰዳችሁና ሞከራችኋቸው። ቀረጻውን በኋላ አይቼዋለሁ። ካሜራ ያዡን ጥለውት ዳገቱን ወጡ። ዳይሬክተራችን ሄኖክ ከሥር ሆኖ ይጮሃል፤

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ!»

«ለምን ልጄ?»

«አርጅተዋላ!»

«ማነው የነገረህ?»

«ድርሰቱ ላይ ተጽፏል።»

«እንግዲያው እሱ ያርጅ!»

«እሺ፣ ቢያንስ ይሳሉልን።»

«ጉንፋን ሲይዘኝ ላስጠራህ?»

ብለው ሣቁ። ሲሥቁ ጥርሳቸው አንድም ሳይጎድል ታየ። በማግስቱ ተዋናይ መራጩ ኮሚቴ ተሰበሰበና በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ «የተዋናይቷ ዕድሜ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም።» ሰባ ክረምት የተፈራረቀበት ዕድሜ፣ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ወደቀ!

በእሳቸው ፋንታ አያቷን የምትጫወተው ባልደረባችን ሩት ነች። ሩትን ዕድሜዋን አልናገርባትም፤ ብቻ እኔ ስቀጠር አልተወለደችም። ዱቄት ነሰነሳችሁባት፣ ጋቢ ደረባችሁላት፣ ምርኩዝ አስያዛችኋት፣ አጎነበሳችኋት። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነች፤ ሳሏ ሐኪም ያስጠራል። ችግሩ፣ ከመጎንበሱ ብዛት ወገቧን አሟት ይኸው ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። በድራማው ውስጥ የእርጅና ሕመም ያገኘችው እሷ ብቻ ነች።

በዚህ ሳምንት እማማ ትርንጎን ልሰናበታቸው ሄድኩ። በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ማኅበራቸውንም ቀርተዋል።

«ምነው እማማ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። በምን ፊቴ ልሂድ? ምን አሉኝ መሰለህ፤ ‹ትርንጎ አሮጊት መሆን አቅቷት ተመለሰች› አሉኝ።»

ሣቅሁ። ማን አይሥቅም? እሳቸው ግን አልሣቁም።

«ባሌን ቀብሬአለሁ ገሰሰ። ልጆቼን አሳድጌ ድሬአለሁ። ጉልበቴ ስላልከዳኝ ጧት ማታ ማርያምን ሳመሰግናት ነው የኖርኩት። አሁን በዚሁ ጉልበቴ ልፈርበት?»

ስለ መብራትና ስለ ካሜራ ከፍታ ልተንትንላቸው? ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ይህን የምንቀርጸውን አሮጊት የት ነው ያየነው? ሄኖክ፣ ባለፈው ከወንዛዬ ፍል ውኃ ስትመለሱ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ተጋፍተው ገብተው ለአንተ ቦታ የያዙልህ እናትህ አይደሉም? ቤትህ ያሉትን እናት ትተህ ቴሌቪዥን ላይ ያየሃትን ትቀርጻለህ። ከዚያ ያንተን ያየ ሌላው ይቀርጻል።

የሚንቀጠቀጥ እጅ የለም አልልም። አለ። የእኔም ነገ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ስትቀርጹት ግን ትንሽ ታገሡ፤ ባለእጁ ቀልድ ሊያወራ ይችላል፣ ሊቆጣ ይችላል፣ የሰፈሩን ሐሜት ሊጀምር ይችላል። እኛ እኮ እጁ ተንቀጥቅጦ ሳያበቃ ነው ካሜራውን የምናጠፋው።

ካሜራዎቹን የተዋስናቸው ከባሕር ዳር ነው፤ ሰኞ ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲያ የሚታረም ነገር የለም። የአያቷ ትዕይንቶች ጥቂት ናቸው፤ በእማማ እንደገና ለመቅረጽ ነገ ቅዳሜ ይበቃል። ስጦታ ምን እንግዛልህ ስትሉኝ ሰንብታችኋል አይደል? እንግዲህ ስጦታዬ ይህ ይሁን። እማማ ትርንጎ ማኅበራቸው ይመለሱ።

ሄኖክ፣ እስቲ ተነሥ። ምን አልክ? ድምፅህን ከፍ አድርገው። «ካሜራው አይደርስባቸውም ጋሼ» ነው የምትለው? ታዲያ ተሸክመኸው ሩጣ! ማነው ወጣቱ?

ሩት እጇን አውጥታለች። እሺ ሩት። «እባካችሁ ወገቤን አትርፉልኝ» ትላለች። ሰምታችኋል፤ ይህ የባለሙያ አስተያየት ነው።

አቶ መርሻስ? ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ጎን ነው ወደ ታች? የሺ፣ አንቺ ትቀርቢያለሽ፣ እይልኝ። ወደ ታች ነው፤ እሺ ብለዋል! ሄኖክም «ነገ ማለዳ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከዚያው ወደ ጋፋት እንወጣለን» ብሏል። የሰማችሁ ሁሉ ምስክር ናችሁ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ ለምርቃት ደርሻለሁ። ዕድሜ ይስጣችሁ፤ ከዕድሜው ጋር ዳገት የሚገፋ ጉልበት ይጨምርላችሁ። ያመመውን ይማርልን፣ የራቀውን ወደ ቤቱ ይመልስልን፣ ለአገሩ ሰላሙን ያውርድልን። የምትሠሩት ይባረክ፤ እናቶቻችሁ አይተው «እኔን ትመስላለች» የሚሉት ይሁን። ተራችሁ ደርሶ ስታረጁም መብራቱ ከፊት ለፊታችሁ ይብራ፣ የሚያያችሁም ቀና ብሎ ይያችሁ። አሜን በሉ!

በመጨረሻም የሚከተለው ማረሚያ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። በዚህ ንግግር ውስጥ አያቷን የምትጫወተው ሩት እንደሆነች መገለጹ ይታወሳል። መረጃው ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ የተሻረ በመሆኑ እንዲህ ተስተካክሎ ይነበብ፦ አያቷን የሚጫወቱት እማማ ትርንጎ ናቸው። ሩት ዱቄቷን ታጥባ፣ የልጅ ልጃቸው ሆና፣ ከኋላቸው እያለከለከች ዳገቱን ትወጣለች።