ከደስታው እጅ ወደ አንዳርጌ እጅ

ይህን አያ ጫኔ ጅጋ በአጎቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለእኔና ለሁለት ጎረቤቶች ሲያጫውቱን በደብተር የያዝሁት ነው። ፈጥነው ስለሚናገሩ አንዳንድ ቦታ እጄ አልደረሰም፤ ያን በማግስቱ ከትዝታዬ ሞላሁት። ስለዚህ አንዱን ቃል ከሌላው አስቀድሜ፣ ወይም ጭራሽ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል።

«በእኛ ጊዜ ስላችሁ ድሮ እንዳይመስላችሁ፤ አራት ዓመቱ ነው። ያኔ እኔ የማርያም ማኅበር ሙሴ ነኝ። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው፣ የተጣላ ሰው አብሮ እንዳይቀመጥ የሚጠብቅ። ታዲያ በየወሩ በሃያ አንድ እንሰበሰባለን፤ የደገሰው ሰው ሲያበቃ ጽዋውን ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል፣ እጅ ለእጅ፤ እና ተቀባዩ ስሞ ይወስዳል።

ታዲያ ደስታውና አንዳርጌ በማሳ ድንበር ተጣሉ። አንዱ ‹ሁለት ትልም በላህብኝ› ይላል፣ አንዱ ‹ጎርፍ ነው እንጂ የገፋው እኔ አልገፋሁም› ይላል። እና ሰላምታ ቆረጡ። እዚህ አገር ሰው ሰላምታ ሲቆርጥ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ታውቃላችሁ፤ ታውቃላችሁ አይደል? በዚያ ወር ጽዋው ደስታው ቤት ነው፤ ቀጣዩ ባለተራ ማን ነው? አንዳርጌ!

ፈራሁ። ‹ከሱ እጅ አልቀበልም› ቢል ስድብ ነው፣ ከስድቡ ኋላ ደም አለ። ሽማግሌ ሰብስቤ ማስታረቅ ይገባኝ ነበር፤ ይገባኝ ነበር! እኔ ግን ‹የዚህን ወር እኔ እወስዳለሁ፣ አንዳርጌ በሚቀጥለው ከእኔ ይቀበላል› አልሁ። ሰው ሁሉ ‹ሙሴያችን ብልህ ነው› አለ፤ እኔም ብልህ መሰልሁ። ጽዋውን አቅፌ ቤቴ ገባሁ፣ እና ሰላም ያመጣሁ መሰለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ የደስታው ሚስት መጣች። ‹ሙሴ፣ አንዳርጌ ባሌን ሊገድለው ነው አይደል?›

‹ማን አለሽ?›

‹እርስዎ ነዎታ! ባያውቁ ጽዋውን ለምን ወሰዱ? ባሌ አሁን የሚያርሰው ጠብመንጃውን አንግቶ ነው።›

ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ላይ አንዳርጌ ያዘኝ። ‹አያ ጫኔ፣ ደስታው «እጁ ርኩስ ነው፣ ጽዋዬን አይነካም» አለ አሉ።›

‹ኧረ አላለም!›

‹ታዲያ ተራዬን ለምን ዘለሉኝ? ከብቶቼን ውሃ የማወርደው እንደ ሚዳቋ እየዞርሁ እያየሁ ነው።›

‹እኔ ነኝ የፈራሁ› ማለት አቃተኝ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሮጥሁ። እሳቸው ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። ‹ጫኔ› አሉ፣ ‹ሰላምን ሮጣችሁ ያዙ ነው የተባልነው። አንተ ከጠቡ ሮጥህ፣ እና ሩጫህን ሰላም አልኸው። ጽዋውን ቅዱስ ነው ብለህ ከሁለቱ እጅ አራቅህ። ታዲያ ለምን ተሰጠን?›

‹ምን ላድርግ አባ?›

‹ደጅህ ድንጋይ ጠፋ?› አሉኝ።

ሃያ አንድ ደረሰ፣ ቤቴ ሞላ። በማኅበራችን መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ታዲያ ደስታው ሲቀመጥ ጋቢው ተገለጠ፣ እና አፈሙዙን አየሁት። አንዳርጌ በሩ ሥር ተቀምጧል። ከጸሎቱ አንድ ቃል አልሰማሁም፤ ዐይኔ ጋቢው ላይ ነው። ጽዋውን የማስረክብበት ሰዓት ሲደርስ ጽዋው አጋደለብኝ፣ ጠላው እግሬ ላይ ፈሰሰ። አስቀመጥሁትና ወጣሁ፣ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ተመለስሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ድንጋይ የሚሸከመው በዳይ ነው፤ አስታራቂ ሲሸከም ታይቶ አይታወቅም። ‹ሙሴ ምን ነካቸው?› ተባለ። ተንበረከክሁ። ‹ደስታው ምንም አላለም፣ አንዳርጌም ምንም አላለም። የፈራሁት እኔ ነኝ፣ ያባላኋችሁም እኔ ነኝ፤ ማሩኝ!› አልሁ።

አንገቴን ደፍቼ የምጠብቀው ምሕረት አልነበረም ልጆቼ፤ ጥይት ነበር።

በኋላ አንዳርጌ ‹ወይ ጉድ! ወር ሙሉ ጥላዬን ስሸሽ የከረምሁት በእርስዎ ነው?› አለ፣ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ደስታው ግን አልሳቀም። ተነሣ። እኔ ዐይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ጽዋውን ይዟል። ‹እንካ፣ ፊትም ወደ አንተ የሚሄደው ከእኔ ነበር› አለው። አንዳርጌ በሁለት እጁ ተቀበለና ሳመ። ከዚያ ድንጋዩን አወረዱልኝ፤ ድንበሩንም በሳምንቱ ሽማግሌዎች ለይተው ችካል ተከሉበት። እና እናንተ ‹ተገላገለ› ትላላችሁ፤ እኔ ግን ደስታው ተሰናብቶ እስኪወጣ ድረስ ዐይኔን ከጋቢው አላነሣሁም!» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ።

የጻፍሁትን ለማጣራት በኋላ አያ አንዳርጌን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ድንጋዩም፣ የፈሰሰው ጠላም እንደተባለው ነው አሉኝ። ከዚያም «የደስታውን አፈሙዝ እኔም አይቼው ነበር» አሉ። «የእኔን ሽጉጥ ግን ማንም አላየም። ጽዋውን ለመሳም ጎንበስ ስል ጎኔን ጎረበጠኝ።»