በሙሉ ድምፅ የራሰች ጀልባ

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ረፋድ ላይ፤ ከሐይቁ ወጥታ ተጎታች ላይ በተቀመጠች ጄት ጀልባ አጠገብ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ አሰገደች ወረቀትና መዝገብ፣ ነጂውና ጠጋኙ አቶ ባይነሳኝ የውሃ ጎማ ይዘው ቆመዋል።)

አሰገደች፦ «አጣሪ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ፣ የጀልባዋ ወለል እርጥብ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አረጋግጧል።» ይፈርሙ።

ባይነሳኝ፦ በሙሉ ድምፅ?

አሰገደች፦ በሙሉ ድምፅ።

ባይነሳኝ፦ አንዱ እንኳ ካልሲውን አውልቆ ቢገባባት ስብሰባው በአምስት ደቂቃ ባለቀ ነበር።

አሰገደች፦ ኮሚቴ ካልሲ አያወልቅም። ቀጥሎ ያለውን ያዳምጡ። «ውሃው የገባው በነጂው ቸልተኝነት ስለሆነ፣ አቶ ባይነሳኝ ከነገ ጀምሮ ጀልባዋን ለአዲሱ ነጂ አስረክበው ወደ ጥበቃ ክፍል እንዲዛወሩ ተወስኗል።» እዚህ ጋ፣ ከስምዎ ትይዩ።

ባይነሳኝ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ጣና ላይ ነድቼ አሁን በር ልጠብቅ?

አሰገደች፦ በሩም ውሃ ያስገባ ይሆናል ተብሎ ተሰግቷል። ግን ሌላ ቦታ አልተገኘልዎትም።

ባይነሳኝ፦ እሺ፣ እፈርማለሁ። ቀዳዳዋን ካገኘሁ በኋላ። ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝማ፣ ጎማው እንዳያረጥብዎት።

አሰገደች፦ ቆይ፣ ቆይ። ይህ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?

ባይነሳኝ፦ ጀልባዋ ውስጥ።

አሰገደች፦ ውሃ አስገባች ተብላ የተከሰሰች ጀልባ ውስጥ ውሃ እየሞሉ ነው?

ባይነሳኝ፦ ከማለዳ ጀምሮ። አሁን እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ሐይቁ ላይ ሳለች ቀዳዳው ከውሃ በታች ነው፣ ማን ያየዋል? መሬት ላይ አውጥተው ከውስጥ ከሞሏት ግን በገባበት ይወጣል። እኛ ከውጭ ሆነን የሚንጠባጠብበትን ማየት ነው።

አሰገደች፦ ይኼን ደግሞ የት ተማሩት?

ባይነሳኝ፦ ከቀዳዳ ባልዲ።

አሰገደች፦ ኮሚቴው ውስጥ እኮ ሁለት ኢንጂነሮች ነበሩ!

ባይነሳኝ፦ እነሱ ባልዲ ተሸክመው አያውቁም።

አሰገደች፦ እርስዎስ እስከ ዛሬ ሲሊኮን ሲለቀልቁ የከረሙት ምን አግኝተው ነው? ሦስት ጊዜ ሆዷን ነጭ ቀብተው ሙሽራ አስመሰሏት።

ባይነሳኝ፦ ፓምፑ የሚገጥምበትን ነው የደፈንኩት። የሌላውን ጀልባ ፕሮፔለር እንቦጭ ይጠመጥምበታል፤ ይህቺ ፕሮፔለር የላትም፣ ከሥሯ ውሃ ስባ በኋላዋ እየተፋች ነው የምትሄደው። ከሥር ይኼን የሚያህል አፍ አላት። ካስገባች በዚያ ነው። ደግሞ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ስርር ይላል።

አሰገደች፦ ጆሮዎ ሦስት ጊዜ ሰማ፣ እሷም ሦስት ጊዜ ራሰች። ለመሆኑ ይህ ውሃ ለምንድን ነው ወይን ጠጅ የመሰለው?

ባይነሳኝ፦ ንጹህ ውሃ ቢንጠባጠብ ጤዛ ነው ትሉኛላችሁ። ቀለም ጨመርኩበት።

አሰገደች፦ የምን ቀለም?

ባይነሳኝ፦ የማኅተም።

አሰገደች፦ የእኔን?

ባይነሳኝ፦ ጠረጴዛዎ ላይ ሁለት ጠርሙስ ነበረ።

አሰገደች፦ ያለ ወጪ ሰነድ!

ባይነሳኝ፦ አልጠፋም እኮ። ያው ጀልባዋ ውስጥ አለልዎት፣ ሲፈልጉ ጨልፈው ይውሰዱ። አሁን ልጎንበስና ፓምፑን ልየው… እህ።

አሰገደች፦ ምን አሉ?

ባይነሳኝ፦ ምንም።

አሰገደች፦ እኔም ላጎንብስ? ደረቅ ነው አይደል?

ባይነሳኝ፦ …ደረቅ ነው።

አሰገደች፦ ጮክ ይበሉ፣ ለቃለ ጉባኤ ይጠቅመኛል።

ባይነሳኝ፦ ደረቅ ነው! በኋላዋ በኩል ልዙር።

አሰገደች፦ በኋላዋ እኔ ቆሜያለሁ። ምንም የለም። ይመለሱ።

ባይነሳኝ፦ ታዲያ ጀልባዋን ተደግፈው ምን አቆመዎት?

አሰገደች፦ ደክሞኝ።

ባይነሳኝ፦ የነጠላዎ ጥለት ወይን ጠጅ ነበር እንዴ?

አሰገደች፦ አረንጓዴ ነው። ምን አገባዎት?

ባይነሳኝ፦ ጠዋት አረንጓዴ ነበር ይሆናል። አሁን ወይን ጠጅ ሆኖ ወደ ላይ እየወጣ ነው። እስቲ ዞር ይበሉልኝ… ይህ ቆርቆሮ ምንድን ነው? «የንብረት ቁጥር 117።» በሁለት ብሎን! ጀልባዋን በድሪል በሷት?

አሰገደች፦ መመሪያው ቋሚ ንብረት ሁሉ ቁጥር ይኑረው ይላል። ወረቀቱን ብንለጥፍባት በውሃ ተላጠ። ጠረጴዛውም መደርደሪያውም በብሎን ነው የተመታው፤ አንዱም ውሃ አላስገባም።

ባይነሳኝ፦ መደርደሪያ ጣናን አይሻገርማ! መቼ ነው የመቷት?

አሰገደች፦ ሚያዝያ።

ባይነሳኝ፦ ውሃ ማስገባት የጀመረችውስ?

አሰገደች፦ …ሚያዝያ።

ባይነሳኝ፦ ኮሚቴው ይኼን አያውቅም?

አሰገደች፦ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ።

ባይነሳኝ፦ ይባረኩ! ቆይ መፍቻዬን… ይኸው፣ አንዱን ብሎን ፈታሁት። አሁን ኢንጂነሮቹን ጠርቼ፣ ከነቁጥሩ፣ ከነቀለሙ አሳያቸዋለሁ። ማን በር እንደሚጠብቅ ያኔ እናያለን።

አሰገደች፦ ይጥሯቸው። እኔም ይኼን የእርስዎን የዕለት ፍተሻ መዝገብ አነብላቸዋለሁ። «ዛሬ ከመነሳቴ በፊት የጀልባዋን ዙሪያና ሥር በዓይኔ ፈትሼ ደህና መሆኗን አረጋግጫለሁ።» ይህ የማን ፊርማ ነው?

ባይነሳኝ፦ የእኔ።

አሰገደች፦ ይኼስ? ይኼኛውስ? ከሚያዝያ ወዲህ አንድ ቀን አልጎደለም። መዳፍ የሚያህል ቆርቆሮ ዛሬ ነው ለዓይንዎ የታየው? ጆሮዎስ ምን ይላል?

ባይነሳኝ፦ የሳምንቱን ሰኞ ሰኞ ነበር የምፈርመው።

አሰገደች፦ የሳምንቱን በሙሉ?

ባይነሳኝ፦ እሑድን ጨምሮ።

አሰገደች፦ ጉድ ነው… በሩ ላይ የቆመችው የኮሚቴው ሰብሳቢ መኪና አይደለችም?

ባይነሳኝ፦ ናት። አዲሱም ነጂ አብሮ ወረደ። የሕይወት ጃኬቱን ከቤቱ ለብሶት ነው የመጣው።

አሰገደች፦ ይኼ ቀዳዳ እየፈሰሰ ነው እኮ! ይድፈኑት!

ባይነሳኝ፦ በምን? ሲሊኮኑ ፓምፑ ላይ አለቀ።

አሰገደች፦ እንግዲያው ወደ በሩ ሄደው ትንሽ በወሬ ያቆዩአቸው።

ባይነሳኝ፦ ምን ብዬ? ይልቅ ወረቀቱን ይስጡኝና ልፈርም፤ ነገሩ ይለቅ። በሩም ጥላ አለው።

አሰገደች፦ ወረቀት የለም።

ባይነሳኝ፦ አሁን እጅዎ ላይ አልነበረም?

አሰገደች፦ ጠቅልዬ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩት።

ባይነሳኝ፦ ቃለ ጉባኤውን?

አሰገደች፦ ከነአባሪው።

ባይነሳኝ፦ …ያዘ?

አሰገደች፦ ያዘ። ሁለተኛውንም ብሎን ይፍቱት፣ አያ ባይነሳኝ። ለዚያኛው ቀዳዳ የእርስዎም መዝገብ ብዙ ወረቀት አለው።