ለእሑድ የሚሆን ዘንግ

(አሰብ፣ ባሕሩ ዳር፤ ወይዘሮ መዲና ከመርከበኞች የገዛችውን አሮጌ ዕቃ በምትሸጥባት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ የወደቡ ክሬን ነጂ ጓንጉል የቁመቱን እጥፍ የሚያህል የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ከጣሪያው ጋር ይታገላል።)

መዲና፦ ቀስ! ጣሪያዬን ልትቀድደው ነው። እዚህ የምታራግፈው መርከብ የለም።

ጓንጉል፦ ይሄ ነው የምፈልገው፣ እትዬ መዲና። ከዚያ ከሚያብረቀርቀው ክር መጠቅለያ ጋር ይስጡኝ። ዋጋውን ብቻ ቀነስ ያድርጉልኝ።

መዲና፦ አልሸጥልህም።

ጓንጉል፦ እንዴ! ዕቃ ዘርግተው ተቀምጠው?

መዲና፦ የዘረጋሁት ለሚያውቅበት ነው። ይሄ ዘንግ የአንድ ግሪክ መርከበኛ ነበር፤ ሰውዬው በዚህ በር የሚገባው በጎኑ ነበር። አንተ በሱ ስትወረውር መጀመሪያ የምታጠምደው የራስህን ባርኔጣ ነው።

ጓንጉል፦ እኔ እኮ የክሬን ሰው ነኝ! ስንት ኩንታል ከመርከብ ሆድ መዝዤ የማወጣ ሰው አንድ ዘንግ ያቅተኛል?

መዲና፦ ኩንታል አይሸሽህማ።

ጓንጉል፦ እባክዎ አይቀልዱብኝ፤ ለእሑድ ነው። አቶ ሰንደቁ ጠርተውኛል።

መዲና፦ የውድነሽ አባት?

ጓንጉል፦ አዎ። «እሑድ ጠዋት ዘንግህን ይዘህ ና፤ ማዕበሉ ዳር ቆመን አብረን እናጥምድ። ሽማግሌ ስለመላኩ ከዚያ በኋላ እናወራለን» አሉኝ።

መዲና፦ ታዲያ ምን አስጨነቀህ? በየእሑዱ ዓሣ አንጠልጥለህ ቤታቸው የምትገባው አንተ አይደለህ? «አሁን ከባሕር ያወጣሁት ነው» እያልክ?

ጓንጉል፦ ማን ነገረዎት?

መዲና፦ ዓሣውን የምትገዛው ከማን ነው?

ጓንጉል፦ ከዘይነባ።

መዲና፦ ዘይነባ የማን እህት ናት?

ጓንጉል፦ ወይ ጉዴ!

መዲና፦ ባለፈው ቀይ ዓሣ በዘንባባ ቅጠል አንጠልጥላ ሰጠችህ። አንተ ደግሞ ዘንባባውን እንኳ ሳትፈታ ይዘህ ገባህ። የነጋዴ ማሰሪያ!

ጓንጉል፦ ማሰሪያ ማን ያያል ብዬ ነው?

መዲና፦ ሰንደቁ ያያል፤ ዕድሜውን ጀልባ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ማሰሪያውስ ይቅር፣ ያ ቀይ ዓሣ እኮ ዳር ድረስ አይመጣም። ጥልቁ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር ነው የሚኖረው፤ የሚያዘውም በጀልባ ነው። አንተ አሸዋ ላይ ቆመህ በምን አወጣኸው? በክሬን?

ጓንጉል፦ ግን እኮ አቶ ሰንደቁ ምንም አላሉም! በልተው ሲጨርሱ «እጅህ ይባረክ» ነው ያሉኝ።

መዲና፦ የተመረቀችውማ ዘይነባ ናት።

ጓንጉል፦ አለቀልኝ በቃ። ውድነሽን ይከለክሉኛል። እትዬ መዲና፣ የዚህን አገር ሙቀት የቻልኩት እኮ በእሷ ነው። እሷን ካጣሁ አንድ ቀንም አልውልበት።

መዲና፦ እና ይሄ ሁሉ እንጨት ምን ሊያደርግልህ ነው?

ጓንጉል፦ ቢያንስ ስቆም ዓሣ አጥማጅ ልምሰል ብዬ ነው።

መዲና፦ መምሰሉ አይበቃህም? በል ያንን አስቀምጥና ይሄን ያዝ።

ጓንጉል፦ ይሄማ አጭር ነው። ቀለሙም ለቋል።

መዲና፦ ማዕበሉ የሚሰበርበትን አሳልፎ ለመወርወር ይበቃል፤ ዓሣው ምግቡን የሚለቅመው እዚያው ነው። ረጅሙ እኩለ ቀን ሳይሆን ክንድህን ያወልቀዋል። የሚያብረቀርቀው መጠቅለያ ደግሞ በአውራ ጣትህ ካልገታኸው ክሩ ይተበተብብሃል፤ ሰንደቁ ሲያጠምድ አንተ ክር ስትፈታ ልትውል ነው። የዚህ ግን ቀላል ነው። እስቲ ይቺን ጠምዝዛት።

ጓንጉል፦ ይቺ ምንድን ናት? ቆይ፣ ቆይ! ፍሬን ናት! ዓሣው ሲጎትት ክሩን ቀስ እያደረገች ትለቅለታለች፤ እንዳይበጠስ። የኔ ክሬን ቁርጥ!

መዲና፦ አየህ፣ ሳታስመስል የምታውቀውም ነገር አለ።

ጓንጉል፦ ሲዞር ደግሞ እንዴት ይለሰልሳል! ጨው ሳይበላው እንዴት ቆየ?

መዲና፦ አጥቦ ዘይት የሚቀባው ሰው ነበረው። አንተም ከባሕር ስትመለስ በንጹሕ ውሃ እጠበው፤ አሸዋ ላይ እንዳታስተኛው።

ጓንጉል፦ እሺ፣ ዘንጉስ ተገኘ። መወርወሩን ማን ያስተምረኛል?

መዲና፦ ሰንደቁ። እሑድ።

ጓንጉል፦ ፊታቸው ቆሜ «አላውቅም» ልበል?

መዲና፦ ቀይ ዓሣ ይዘህ ፊታቸው ስትቆም አላፈርክም።

ጓንጉል፦ አሁን ግን አፈርኩ። እሺ፣ እነግራቸዋለሁ። «አባባ፣ ዓሣውን ስገዛ ነው የኖርኩት፤ ቤትዎ ባዶ እጄን መግባት ከብዶኝ ነው። መወርወር ያስተምሩኝ» እላለሁ። ካባረሩኝም ያባርሩኝ። ስንት ነው ይሄ?

መዲና፦ አሥር ብር።

ጓንጉል፦ ከነመጠቅለያው? ምኑ ቢሰበር ነው?

መዲና፦ ምኑም አልተሰበረ። ዕቃው የኔ አይደለም፤ ትናንት ሰንደቁ ነው አምጥቶ ያስቀመጠው። «ያ ልጅ መጥቶ ረጅሙን ማንሣቱ አይቀርም፤ እንዳትሸጪለት። የኔን በርካሽ ስጪው፤ ብሩን ለሠርጉ ይፈልገዋል» ብሎኛል።